በወረርሽኝ ወቅት በሽታ ሳያዛምቱ መቀስቀስ ይቻላልን?

በ2013ቱ ምርጫ ሰሞን ከየካ አባዶ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የደረሰን ጥያቄ በአጭሩ የሚከተለው ነው። ጠያቂው ለአዲስ አበባ ከተማ ምክር ቤት የሚወዳደሩ አንድ ዕጩ የቅስቀሳ አስተባባሪ ናቸው። አዳራሽ ተከራይተው ነዋሪውን ለመሰብሰብ፣ ከዚያም በጎ ፈቃደኞችን አሰማርተው ቤት ለቤት ለመዞር አቅደው ነበር። ከበጎ ፈቃደኞቹ አንዷ በኮቪድ 19 መያዟ ከታወቀ ወዲህ ግን ቡድኑ ለሁለት ተከፍሏል፤ ገሚሱ ቅስቀሳው ይቁም ሲል፣ ገሚሱ ደግሞ ተፎካካሪዎቻችን በሞንታርቦ ሰፈሩን እያናወጡ እኛ ቤታችን ብንቀመጥ ማን ያውቀናል ይላል። «በሽታ ሳናዛምት መቀስቀስ ይቻላልን? ከተቻለስ እንዴት?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

መልሴ ይቻላል የሚል ነው፤ ይሁን እንጂ አሁን በያዛችሁት ዕቅድ አይደለም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ለነሐሴ 23 ቀን 2012 ታቅዶ የነበረውን ምርጫ በወረርሽኙ ምክንያት በቀኑ ማካሄድ እንደማይችል መጋቢት 22 ቀን 2012 ባስታወቀ ጊዜ፣ በአገሪቱ የተመዘገቡት ታማሚዎች ከ30 አይበልጡም ነበር። በሚያዝያ 2013 የተመዘገቡት ከ200 ሺህ በላይ ነበሩ፤ ምርጫው ግን ቀን ተቆርጦለት እየተቃረበ ነበር። ይህን የማነሣው ምርጫው ዳግም ይራዘም ለማለት አይደለም፤ ያለ ሕዝብ ድምፅ የሚራዘም ሥልጣን የሚያስከትለውን ጣጣ ዓመቱን ሙሉ ስናየው ቆይተናል። ማለት የፈለግሁት፣ በ2012 ወረርሽኙን ለመከላከል የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ተሸክሞት የነበረው ጥንቃቄ አሁን አብዛኛው በእናንተ በቀስቃሾቹ ትከሻ ላይ የወደቀ መሆኑን ነው። ክትባቱም በመጋቢት ወር 2013 መጀመሪያ ቢጀመርም፣ ቅድሚያ የተሰጠው ለጤና ባለሙያዎች፣ ለአረጋውያንና ተጓዳኝ ሕመም ላለባቸው ስለሆነ፣ ወጣት በጎ ፈቃደኞቻችሁ እስከ ምርጫው ቀን ድረስ ይከተባሉ ብላችሁ ዕቅድ አታውጡ።

የቅስቀሳ አደጋ ሲባል ለብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው አደባባይ የሞላ ሕዝብ ነው። በከተማው ዳርቻ በሚካሄድ ቅስቀሳ ግን እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ቫይረሱ በዋናነት የሚተላለፈው በትንፋሽ ነው፤ ሰዎች ተቀራርበው፣ በተዘጋ ቦታ፣ ረዘም ላለ ጊዜ ሲነጋገሩ፣ ይልቁንም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲናገሩ። በወረቀትና በበር እጀታ የመተላለፉ ዕድል ከዚህ ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነው። ስለዚህ በራሪ ወረቀቱን በአልኮል ከማራስና የቢሮውን ወለል ሦስት ጊዜ ከመርጨት ይልቅ፣ ጠዋት ጠዋት ዐሥራ አምስት ወጣቶች ተፋፍገው መመሪያ የሚቀበሉበትን የቢሮ መስኮት መክፈት ይበልጣል፤ ከሁሉም የሚበልጠው ደግሞ መመሪያውን ከነጭራሹ ደጅ ቆሞ መስጠት ነው። ሞንታርቦ ጭና መስኮቷን ዘግታ የምትዞረው ሚኒባስ፣ ከድካም በኋላ በአንድ ትሪ ዙሪያ የሚበላው ምሳ፣ ማታ በዕጩው ቤት የሚካሄደው የዕለቱ ግምገማ፤ በሽታው ቀስቃሾቹን የሚያገኛቸው በእነዚህ ቦታዎች ነው።

ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ጉዳይ የዚህ ሁሉ መልስ መሠረት ነው። በአንድ የጋራ መኖሪያ መንደር ውስጥ በመጀመሪያው ብሎክ የሚኖሩ እናት እና በመጨረሻው ብሎክ የሚኖሩ አባት በተራው ቀን አይገናኙም፤ በሽታው ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ ብዙ እጅ መቀባበል ይኖርበታል። አንድ ቀስቃሽ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሁለቱንም በር ካንኳኳ ግን ርቀቱ በእሱ በኩል ይዘጋል። ቅስቀሳ በባሕርዩ የማይገናኙ ሰዎችን የሚያገናኝ ሥራ ስለሆነ፣ ከጭምብሉም ከሳኒታይዘሩም በፊት መወሰን ያለበት ማን የት ይሄዳል የሚለው ነው። የእኔ ምክር ግልጽ ነው፤ እያንዳንዱ በጎ ፈቃደኛ በሚኖርበት ብሎክ እና ከጎኑ ባሉት ብሎኮች ብቻ ይቀስቅስ፤ ሁለት ሁለት ሆነው ይሂዱ፤ ጥንዶቹም እስከ መጨረሻው አይቀያየሩ። የካራው ልጅ ካራን፣ የአባዶው ልጅ አባዶን ይያዝ። ይህ አደረጃጀት ለቅስቀሳውም ቢሆን አይጎዳም፤ ነዋሪው ከማያውቀው ጎረምሳ ይልቅ የጎረቤቱን ልጅ ቆሞ ማዳመጡ አይቀርም።

ቤት ለቤት ስለ መዞር። በጋራ መኖሪያ ቤቶች ያለው መተላለፊያ ብዙውን ጊዜ አየር የሚያገኝ በመሆኑ፣ ሥራው በሥርዓት ከተሠራ በር ላይ የሚደረግ ንግግር ከአዳራሽ ስብሰባ የተሻለ ነው። አንኳኩቶ ሁለት የአዋቂ እርምጃ ወደ ኋላ መቆም፣ ጭምብልን በንግግር መካከል ወደ አገጭ አለማውረድ፣ እጅ አለመጨበጥ፣ ጉዳዩን በጥቂት ደቂቃ መጨረስ። መጨባበጥን መተው፣ ጭምብል ማድረግና ርቀት መጠበቅ በጊዜው በጤና ሚኒስቴር መመሪያ ቁጥር 30 የተደነገጉ ግዴታዎች እንጂ የእኔ ምክሮች አልነበሩም። አስቸጋሪው ክፍል ግን ከመመሪያው ውጭ ነው፤ «ግቡ እንጂ፣ ቡናው ደርሷል» የሚለው ግብዣ። ቡና ተጠርቶ አልገባም ማለት ከአንድ ድምፅ በላይ እንደሚያስከፍል የማያውቅ ቀስቃሽ የለም፤ ብዙ ጥሩ ዕቅድ የሚፈርሰውም እዚህ ላይ ነው። እምቢታውን በየበሩ ለበጎ ፈቃደኛው ከመተው ይልቅ አስቀድሞ በጋራ ማስታወቅ ይሻላል። ከዕጩው የተጻፈ አጭር ማስታወቂያ በብሎኩ መግቢያ ይለጠፍ፤ የሕንፃው ኮሚቴ በቴሌግራም ግሩፑ ያስተላልፈው፤ መልእክቱም «ልጆቻችን ለእናንተ ጤና ሲሉ ከደጅ አይገቡም፤ ቡናውን ከምርጫው በኋላ እንጠጣለን» ዓይነት ይሁን። ያን ጊዜ ልጁ የሚያከብረው የዕጩውን ቃል ስለሚሆን ማንም አይቀየመውም። በካራና በኮተቤ ነባር ሰፈሮች ደግሞ ንግግሩ ከግቢው በር ማለፍ የለበትም።

አረጋውያንና እንደ ስኳር፣ ደም ግፊትና የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ሰዎች ያሉበት ቤት እንደሆነ ከታወቀ፣ እዚያ ቤት ሰው ባይላክ ይመረጣል። ልጆቻቸውን ወይም ጎረቤታቸውን ጠይቆ ስልክ መደወል ይቻላል፤ ብዙዎቹም ሬዲዮ ስለሚያዳምጡ ለፓርቲያችሁ የተመደበላችሁን የአየር ሰዓት ለእነሱ በሚሆን ቋንቋና ፍጥነት ተጠቀሙበት። በአንድ የአየር ሰዓት ውስጥ ለወጣቱም ለአዛውንቱም ለነጋዴውም ለመናገር የሚሞክር ዕጩ ማንም ዘንድ ሳይደርስ ደቂቃው ያልቅበታል።

ጊዜውም ይታሰብበት። የዐቢይ ጾም መጨረሻና ረመዳን በ2013 ተደራርበው ነበር፤ ትንሣኤ ሚያዝያ 24 ቀን ነበር፣ ኢድ አልፈጥርም ከዚያ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ተከትሏል። በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ግቢ መቀስቀስ በሕግም የተከለከለ ነው፤ እኔ ደግሞ ከበሩ ላይ ተሰልፎ ወጪውን ሕዝብ መጠበቅም መቅረት አለበት እላለሁ፣ ምክንያቱም ሊበታተን የነበረውን ሕዝብ እናንተ አቁማችሁ ታፋፍጉታላችሁና። በማፍጠሪያ ሰዓት በር ማንኳኳት ከጤናውም በፊት ነውር ነው።

ለቅሶ ደግሞ ለብቻው መነሣት አለበት። በአካባቢያችሁ ዕጩ የሆነ ሰው እድር ዘንድ ካልታየ ሰው አይደለም ይባላል፤ በመሆኑም ዕጩዎች በየድንኳኑ መዞርን እንደ ሥራ ይዘውታል። ዕጩው ግን በምርጫ ሰሞን በሰፈሩ ከማንም በላይ ብዙ ሰው የሚያገኝ ሰው ነው፤ ሳያመው ቫይረሱን ተሸክሞ መዞር ይችላል፤ ምልክት ከመታየቱ ሁለት ቀን ያህል በፊት ጀምሮም ሊያስተላልፍ ይችላል። ለቅሶ ድንኳን ውስጥ የሚቀመጡት ደግሞ በአብዛኛው አዛውንት ናቸው። ስለዚህ ዕጩው በአካል የሚሄዱት ለእውነተኛ ዘመዳቸውና ለቅርብ ጎረቤታቸው ብቻ ይሁን፤ ለሌላው በእድሩ ዳኛ በኩል የሐዘን መግለጫ ይላኩ፤ ለምን እንዳልመጡም በግልጽ ይናገሩ። ይህን ለሐዘንተኛ ቤተሰብ ማስረዳት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ለቅሶ መድረስን ወደ ቅስቀሳ መለወጥ ከወረርሽኙ በፊትም ቢሆን የሚያስመሰግን ልማድ አልነበረም።

ወደ አዳራሹ ልመለስ። አትከራዩት። ገንዘቡን ከፍላችሁበት እንደሆነ እንኳ ብትተዉት ይሻላችኋል። በምትኩ በብሎኮቹ መካከል ያለውን ክፍት ቦታ ተጠቀሙ። እያንዳንዱ ሰው ከሌላው ሁለት ሜትር እንዲርቅ ከተፈለገ ለአንድ ሰው 4 ካሬ ሜትር ያህል ያስፈልጋል፤ 200 ካሬ ሜትር ክፍት ቦታ 50 ሰው ይይዛል ማለት ነው፣ ከዚያ በላይ አይይዝም። ስለዚህ አንድ ትልቅ ስብሰባ ከማድረግ ለሁለት ለሁለት ብሎክ የተከፋፈሉ ብዙ ትንንሽ ስብሰባዎችን አድርጉ፤ እያንዳንዱም ከ45 ደቂቃ አይብለጥ። ወንበሩን አስቀድማችሁ አራርቃችሁ ደርድሩ፤ ሰው የተደረደረ ወንበር አያንቀሳቅስም፣ ቁሙ ሲባል ግን ይጠጋጋል። የእድሩን ድንኳን ለፀሐይ ከተጠቀማችሁ ጎንና ጎኑ ተጠቅልሎ ወደ ላይ ይታሰር። የበልግ ዝናብ ከሰዓት በኋላ ስለሚያስፈራ ስብሰባው ጠዋት ይሁን፤ ዝናብ ከመጣም ሕዝቡ ድንኳኑ ሥር እስኪያባራ ይጠለል አትበሉ፣ በትኑት። ማይክ ካለ መጮህ አያስፈልግም፤ ተናጋሪው ዝግ ብሎ ሲናገር የሚወጣው ትንፋሽም ይቀንሳል። ማይኩ በመቆሚያው ላይ ይቆይ፤ ከእጅ ወደ እጅ አይዙር፤ ጠያቂው ባለበት ሆኖ ይጠይቅ፣ መድረክ መሪው ጥያቄውን በማይኩ ይድገመው። የእጅ መታጠቢያ ጀሪካንና ሳሙና መግቢያው ላይ ማስቀመጥ ተገቢ ነው። የሙቀት መለኪያው ግን ብዙ አያስተማምናችሁ፤ ትኩሳት የሌለውን ተሸካሚ አይለይም።

ጭምብል ስለ ማደል ጠያቂው በደብዳቤያቸው ግርጌ ጠቅሰዋል፤ የዕጩው ምልክት የታተመበት ጭምብል ለየቤቱ ቢሰጥ የሚል ሐሳብ በቡድኑ ተነሥቷል። እኔ አልደግፈውም። ለመራጭ የሚታደል ጥቅም ያለው ዕቃ በምርጫ ሥነ ምግባር ዓይን ሲታይ አጠያያቂ ነው፤ በጤና ዓይን ሲታይ ደግሞ የከፋ ነው፤ ጭምብል የአንድ ፓርቲ መለያ በሆነ ማግስት የሌላው ፓርቲ ደጋፊ ጭምብል ማውለቅን አቋም ያደርገዋል። ምልክት የሌለው ተራ ጭምብል በስብሰባው መግቢያ አስቀምጡ፤ ሳያደርግ ለመጣ ሁሉ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ይሰጥ።

አሁን ስለ በጎ ፈቃደኞቹ። በብዙ የቅስቀሳ ቡድኖች የሚሠራበት አሠራር የቀን አበል ለተገኘ መክፈል ነው። ይህ አሠራር በወረርሽኝ ጊዜ አደገኛ ነው፤ ጉሮሮውን የከረከረው ወጣት አበሉ እንዳይቀርበት ሲል ጉንፋን ነው ብሎ ይመጣል። ስለዚህ የታመመ፣ ቤቱ የታመመ ሰው ያለበት፣ ወይም ከታመመ ጋር የቆየ በጎ ፈቃደኛ ቤት በሚቀመጥበት ቀንም አበሉ እንደሚከፈለው አስቀድማችሁ በጽሑፍ አስታውቁ። ገንዘቡ ካነሰ የፖስተሩን ቁጥር ቀንሱ። ትኩሳት፣ ሳል፣ የራስ ምታት፣ የማሽተት ወይም የመቅመስ ችሎታ ማጣት፤ ከእነዚህ አንዱ የታየበት ሁሉ ዕለቱን ከሥራ ወጥቶ በኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነጻ የስልክ መስመር 8335 ይደውል፣ ይመርመር። አብሮት የሚዞረው ጓደኛውም ባይታመምም 14 ቀን ከመዞር ይቆጠብ። ጥንዶቹ አይቀያየሩ ያልኩት ጥቅሙ እዚህ ላይ ይታያል፤ አንድ ሰው ሲያመው ሁለት ሰው ታጣላችሁ እንጂ መላው ቡድን አይበተንም። አሁን የታመመችው ልጅ ከማን ከማን ጋር እንደዋለች በትክክል ስለማታውቁ ነው ቡድናችሁ ለሁለት የተከፈለው ብዬ እገምታለሁ።

ይህን ለማወቅ መዝገብ ያስፈልጋል፤ መዝገቡ ግን በጥንቃቄ ይያዝ። የትኛው ጥንድ፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት፣ በየትኛው ብሎክና ወለል እንደተንቀሳቀሰ ይጻፍ። የነዋሪዎቹ ስምና የቤት ቁጥር ግን አይጻፍ፤ ማን በር ከፍቶ እንዳነጋገራችሁ፣ ማን ፊት እንደነሣችሁ ፈጽሞ አይመዝገብ። ለበሽታ መከታተያ ተብሎ የተያዘ ዝርዝር ነገ በሌላ እጅ ሲገባ የማን ደጋፊ ማን እንደሆነ የሚያሳይ ዝርዝር ይሆናል፤ በእኛ አገር የፖለቲካ ልምድ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማብራራት አያስፈልገኝም። በጎ ፈቃደኛ መያዙ ሲታወቅ፣ ባለፉት ቀናት የተንቀሳቀሰባቸው ወለሎች ነዋሪዎች በሕንፃው ኮሚቴ በኩል ስሙ ሳይጠቀስ በ24 ሰዓት ውስጥ ይነገራቸው። ዜናው ተፎካካሪዎችን ያስደስታል ብሎ መደበቅ ሰፈር ውስጥ አያዋጣም፤ ወሬው መድረሱ አይቀርም፣ የሚለየው ከእናንተ መድረሱ ወይም ከሌላ መድረሱ ብቻ ነው።

«ተፎካካሪዎቻችን ይሰበስባሉ» ለሚለው ስጋት የሌሎች አገሮችን ልምድ መመልከት ይጠቅማል። በማሌዥያ የሳባ ግዛት መስከረም 16 ቀን 2013 የተካሄደው የአካባቢ ምርጫና ቅስቀሳው በአገሪቱ ለተከተለው ከባድ የስርጭት ማዕበል አስተዋፅዖ ማድረጉን የጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር ሙህይዲን ያሲን ራሳቸው አምነዋል። ከቅስቀሳው ተነሥቶ በሽታው የተሰራጨው የማን ደጋፊ ማን ነው ብሎ ሳይመርጥ ነበር። የኡጋንዳው ትምህርት ደግሞ ከሌላ አቅጣጫ ነው። የምርጫ ኮሚሽኑ መጀመሪያ የአደባባይ ስብሰባን ከልክሎ ቅስቀሳው በመገናኛ ብዙኃን ይሁን አለ፤ ኋላም ከ200 ሰው የማይበልጥ ስብሰባን ፈቀደ። ኅዳር 9 ቀን 2013 ተቃዋሚው ዕጩ ቦቢ ዋይን ይህን ገደብ ተላልፈዋል ተብለው ሲታሰሩ በተነሣው ተቃውሞና በጸጥታ ኃይሎች ርምጃ ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። የጤና ደንብ ለአንዱ ወገን ዱላ ሲሆን፣ ደንቡንም የሚሰማ ሰው አይኖርም። ይህን ስለማስብ፣ ተፎካካሪያችሁ ሕግ ሲጥስ ካያችሁ የመጀመሪያ ርምጃችሁ ፖሊስ መጥራት ባይሆን እመርጣለሁ። በአካባቢያችሁ የሚወዳደሩትን የሁሉንም ፓርቲዎችና የግል ዕጩዎች አስተባባሪዎች ደጅ ላይ ሰብስባችሁ፣ የስብሰባ ቁጥር፣ የሞንታርቦ ሰዓትና የለቅሶ ጉዳይ ላይ በጋራ ተስማሙ፤ ስምምነቱን ፈርማችሁ ለነዋሪው ለጥፉ። የማይፈርም ካለ ነዋሪው ራሱ ያያል። የጋራ ስምምነቱ ከተጣሰ ጉዳዩን ለምርጫ ቦርድ ማቅረብ ይቻላል።

አንድ ነገር ግን ሳልሸሽግ ልናገር። ጥንቃቄው ሁሉንም እኩል አይጫንም። ሥልጣን ላይ ያለ ፓርቲ ስሙ በየቀኑ በዜና ይነገራል፤ ትንሽ ፓርቲና የግል ዕጩ ግን ያላቸው ሀብት እግራቸውና ምላሳቸው ብቻ ነው። በአካል መቀስቀስን ስንገድብ የምንገድበው ይበልጥ እነሱን ነው። ስለዚህ በወረዳው ያሉ ሜዳዎችና የማስታወቂያ ሰሌዳዎች በእኩል ተራ እንዲዳረሱ መጠየቅ የጤና ጥያቄም ጭምር እንደሆነ አድርጋችሁ አቅርቡት፤ ሕጋዊ መድረክ ያጣ ቀስቃሽ ወደ ጠባቡ ክፍል መግባቱ አይቀርምና። ቴሌግራምና የጽሑፍ መልእክት ይረዳሉ፤ ሆኖም ሐሳብ የሚያደርሱት ስልክ ላለው፣ ዳታ ለሚገዛ ሰው ነው፤ በየመንደሩ ጫፍ ለሚኖረው የቀን ሠራተኛ ግን ያው በር ላይ የሚቆመው ልጅ ነው ያለው።

ቅስቀሳው የሚቆምበትን ነጥብ አሁኑኑ፣ ሳይጨንቃችሁ፣ ወስኑ። እኔ የምመክረው ገደብ ይህ ነው፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከተለያዩ ጥንዶች ሁለት ሰዎች ከተያዙ፣ በአካል የሚደረገው ቅስቀሳ በሙሉ ለ14 ቀን ቆሞ በስልክ፣ በፖስተርና በሬዲዮ ይቀጥል። ውሳኔውን የሚያስፈጽመው ዕጩው ባይሆን ይሻላል፤ ድምፅ የሚፈልግ ሰው ማቆሚያውን ነገ ነገ እያለ ማሳደሩ የሰው ባሕርይ ነው። ከቡድኑ አንድ የጤና ባለሙያ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የነበረ ሰው ካለ ሥልጣኑ ለእሱ ይሰጥ።

በመጨረሻ፣ ጠያቂው ያላነሡት ነገር ግን ከቅስቀሳው ይበልጥ አደገኛ የሆነ ሥራ አለ፤ በድምፅ መስጫው ቀን ፓርቲውን ወክለው በየምርጫ ጣቢያው የሚቀመጡት ወኪሎች። ድምፅ መስጠት የሚጀመረው ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው፤ እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ይዘልቃል፤ ቆጠራውም በዚያው ይቀጥላል። ወኪሉ ቀኑን ሙሉ በአንድ ክፍል ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ሲገባና ሲወጣ ይቀመጣል። ለዚህ ሥራ የምትመድቧቸው ሰዎች ተጓዳኝ ሕመም የሌለባቸው ወጣቶች ይሁኑ፤ ተለዋጭ ይኑራቸው፤ ከድምፅ መስጫው በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት በቅስቀሳ የዞረ ሰው ባይሆኑ ይመረጣል። ጥሩ ጭምብል ከበጀታችሁ አስቀድማችሁ ግዙላቸው፣ ለቀን ሙሉ የሚበቃ መለወጫም ጨምሩ፤ ምሳቸውን ከክፍሉ ውጭ ተራ በተራ ወጥተው እንዲበሉ ከጣቢያው ኃላፊ ጋር በዋዜማው ተነጋገሩ፤ የክፍሉ መስኮት የሚከፈት መሆኑንም በዚያው ቀን ሄዳችሁ እዩ።